ዜሮ የሰጠሁት ጋራዥ

ጥቅምት 6 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጤናህ የተሟላ፣ ሥራህም የቀና ሆኖ ያግኝህ። እኛ በፈጣሪ ቸርነት አለን። እናትህ ሰላም ብላሃለች።

ስልክ አልደውል ስላልኩ አትቀየመኝ። ግራ ጆሮዬ ከሄደ ወዲህ በስልክ ከሦስት ቃል የምሰማው አንዱን ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ "በደንብ ያልሰማ አይመልስ" እያልኩ ያስተማርኩ ሰው በግምት መመለስ አይሆንልኝም። ስለዚህ ጉዳዬን እጽፍልሃለሁ።

ጉዳዩ የመኪናዋ ነው። እንደምታውቀው እናትህን ማክሰኞና ዓርብ ለኩላሊት እጥበት ወደ ትልቁ ከተማ አመላልሳታለሁ። ደርሶ መልሱ መቶ አርባ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። አውቶቡስ ሞክረን ነበር፤ ከእጥበት ስትወጣ ጉልበቷ ስለሚከዳት መቆም ቀርቶ መቀመጥም አልቻለችም። በመኪናዋ ግን የኋላ ወንበር ላይ ትራሷን ተንተርሳ፣ ተጋድማ ትመጣለች። እንግዲህ መኪናዋ ከቆመች እጥበቱም ቆመ ማለት ነው።

አሁን የታይሚንግ ቺንጋዋ መቀየሪያ ደርሷል። ይህ ቺንጋ የሞተሩን የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል እኩል የሚያዞር፣ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። መንገድ ላይ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጩና ሞተሩ አበቃለት። ደብተሬ እንደሚለው መጨረሻ የተቀየረው በ160,000 ነው፤ በየ60,000 መቀየር አለበት፤ ዛሬ ቆጣሪው 218,900 ይላል። የቀረን 1,100 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም አራት ሳምንት የማይሞላ ጊዜ ነው።

ያኔ የቀየረልን የአስመጪው ጋራዥ ከተዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ ከግል ጋራዦች አንዱን መምረጥ ግድ ሆነ። ከተማችን ውስጥ አራት አሉ። በወሬ አልመርጥም፤ "እገሌ ጎበዝ ነው" ያለኝ ሰው ሁሉ የጠቆመኝ የአክስቱን ልጅ ነው። አምስት ጥያቄ አውጥቻለሁ፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ነጥብ። ከአሥር ብልጫ ያገኘው ይሠራታል።

ካንተ የምፈልገው ቺንጋውን ነው። እዚህ ገበያ ያለው አሮጌውን አጥበው በአዲስ ካርቶን የሚሸጡት ነው ይባላል። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ላይ ገልብጬ በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ሁለት ጊዜ አስተያይቻለሁ፤ ስህተት የለውም።

እናትህ "ልጄን አታስቸግርብኝ" ብላ ተቆጥታኛለች። የቺንጋው ነገር ከተነሳ ጀምሮ ፊቷ ጥሩ አይደለም። እንግዲህ የእናት ነገር ነው።

አጎትህ


ኅዳር 2 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሽዬ፣

ባሉበት ሁሉ ሰላምና ጤና አይለይዎት። ደብዳቤዎ በሃያ ቀኑ ደረሰኝ። የእጅ ጽሕፈትዎ ዛሬም ቀጥ እንዳለ ነው፤ ሳየው ሳላስበው ወገቤን አቃናሁ።

ሥራዬ ያው ነው። የሆስፒታል አንሶላ እናጥባለን። ጠዋት ስልካችንን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈን እንገባለን፤ ስንወጣ መሽቷል። ከእማዬ በስተቀር የማነሳው ስልክም የለኝም፤ እዚህ የማላውቀው ቁጥር ደግ ነገር ነግሮኝ አያውቅም። የመኖሪያ ወረቀቴም ገና ነው። ከዚህ አገር ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፤ ስለዚህ "መቼ ትመጣለህ" ብለው ባለመጠየቅዎ አመሰግናለሁ።

ቺንጋውን እልካለሁ። ግን ጋሽዬ፣ የግድ መቀየር አለበት? አንዱ መካኒክ በዓይኑ አይቶ "ይቆያል" ካለ ለጊዜው ቢተዉትስ? ደግሞ ብዙ ባያስፈትሹ። መካኒክ ኮፋኖ ከከፈቱለት የማያወጣው ጉድ የለም። ፈተናውንም ቢቀንሱት። ልጅ ሆኜ ዳቦ ሲልኩኝ የሦስት ዳቦ ቤት ዳቦ አስመዝነው፣ ልዩነቱን አስጽፈውኝ እንደነበር አልረሳሁም። ዳቦው እስኪመረጥ ቁርሱ ያልፍ ነበር።

እማዬን በየእሁዱ አናግራታለሁ። ደህና ነኝ ትለኛለች። እውነት ነው?

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 24 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ ዕድሜና ጤና አብረውህ ይሁኑ። "እውነት ነው?" ላልከኝ፦ እናትህ ማክሰኞ ደህና ናት፣ ረቡዕ ደህና ናት፣ ሐሙስ እግሯ ያብጣል፣ ዓርብ እንሄዳለን። እንደዚህ ነው የሳምንቱ ነገር።

"ይቆያል ወይ" ላልከው ደግሞ መልሱ አይቆይም ነው። ዛሬ ቆጣሪው 220,970 ላይ ነው፤ ወሰኑን አልፈናል።

የፈተናውን ውጤት ልንገርህ። አራተኛው ጋራዥ ተዘግቶ የወለል ንጣፍ መሸጫ ሆኗል። የመጀመሪያው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው፣ ቺንጋ መቼ ይቀየራል ብዬ ብጠይቀው "ሲበጠስ" አለኝ። ስለ ሐቀኝነቱ ሁለት ሰጠሁት።

ሁለተኛው "ሩብ ጉዳይ" የሚሉት ነው። መቼ ይደርሳል ሲሉት ሁልጊዜ "ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ" ይላል፤ የየትኛው ቀን እንደሆነ ግን አይናገርም። ግቢው ጭቃ ነው፤ ብሎኖቹን በቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣል። ከእጥበት ስንመለስ ስለነበር እናትህ ከኋላ ተጋድማለች።

"ጥያቄዎች አሉኝ" አልኩት።

"እኔ ልቅደም" አለና ኮፋኖውን ከፈተ። አጎነበሰ፤ አንድ ቦታ በጨርቅ ጠረገ፤ እንደገና አየ። "ጋሼ፣ ይህን ሞተር ማን ገጠመልዎ?"

"ፋብሪካው ነዋ።"

"ፋብሪካው ይህን አልገጠመም። ይህ ከትልቅዬዋ ሞዴል የወጣ ነው። መልካቸው ይመሳሰላል፤ ወንድማማች ይበሏቸው። ግን የዚህች መኪና አይደለም።"

ሊብሬውን አውጥቼ ቁጥሩን አሳየሁት። እጁ ዘይት ስለነበር እኔው ያዝኩለት።

"ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ማኅተሙም ያምራል" አለኝ። "ግን ጋሼ፣ ሰው ወረቀት አይነዳም። ቁጥሩ እዚህ ብረቱ ላይ አለ፤ ጎንበስ ብለው ያንብቡት።"

መነጽሬን ላወጣ ስል እናትህ ከኋላ "ወንድምዬ፣ ደከመኝ፤ እንሂድ" አለች። ሄድን። የመንግሥት ማኅተም ያለበትን ጽሑፍ በአንድ ጨርቅ ጠረጋ ሐሰት ነው የሚል ሰው ከእኔ ነጥብ አያገኝም። ዜሮ ሰጠሁት፤ ጥያቄዎቹንም አልጠየቅኩትም።

ሦስተኛው ነጭ ጋውን ለብሶ ይሠራል። መፍቻዎቹ በቁመታቸው ተደርድረው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ከቺንጋው ጋር መወጠሪያው ኩሽኔታና የውሃው ፖምፓ አብረው እንደሚቀየሩ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ሊብሬውን ሳሳየው "በቃ፣ ልክ ነው" አለ። ስምንት አግኝቷል። ቺንጋው እንደደረሰ ለእሱ እሰጣታለሁ።

ላክህልን? አውቃለሁ ሥራ ይበዛብሃል። እኔ አልቸኩልም፤ ቺንጋው ነው የሚቸኩለው።

አጎትህ


ጥር 3 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ። የደብዳቤዎ መልስ በመዘግየቱ ይቅርታ። አንዳንድ ጉዳይ ነበረብኝ።

ቺንጋውን ዛሬ በፖስታ ልኬዋለሁ። የታዘዘው እርስዎ በጻፉልኝ ቁጥር መሠረት ነው። ምናልባት የማይሆን ነገር ቢኖር እንዳይቀየሙኝ።

ቺንጋው እስኪገባ እማዬን ኮንትራት ታክሲ ቢያደርሳት ብዬ ትንሽ ነገር ልኬላት ነበር። "መድኃኒት ገዛሁበት" አለችኝ። ጋሽዬ፣ እማዬ ምንም አልነገረችዎትም? እሁድ ዕለት እነግረዋለሁ ብላኝ ነበር።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 27 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምህ ይብዛ። ቺንጋው ጥር 24 ደረሰ። ማሸጊያው አልተነካም። ጥርሱን ቆጠርኩ፤ መቶ ሃያ አንድ ነው፤ ካርቶኑም እንዲሁ ይላል። ደስ አለኝ። እናትህ ግን በእጇ እንኳ ልትነካው አልፈለገችም። "ምን እንድትነግሪኝ ነው ልጅሽ የጠበቀው?" ስላት "ናፍቆኛል እንድልህ ነው" አለችኝ።

በማግስቱ መኪናዋን ነጭ ጋውን ለባሹ ጋራዥ ወሰድኳት። በርጩማ አስመጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ አምስተኛው ጥያቄዬ "ስትሠራ እንዳይ ትፈቅዳለህ?" የሚል ነበርና። አሮጌውን አወጣና አዲሱን ሊያጠልቅ ሞከረ። አልገባም። አንድ ስንዝር ያህል ያጥራል። ሰውዬው ላቡን ጠርጎ "የላከልዎ ሰው ተታሏል" አለኝና አሮጌውን መልሶ አሰረው። ሲያስረው እንደ በፊቱ እንዳልተወጠረ አየሁ። ነገርኩት። "ይሄ የእኛ ሥራ ነው አባቴ" አለኝ። ስምንቱን ወደ አራት ዝቅ አደረግኩ፤ ግን ማረም ቺንጋ አያጠብቅም።

ቤት ገብቼ የመኪናዋን ደብተር ከመጀመሪያ ገጽ ጀምሬ አነበብኩ። ላጠቃልል፦ ከሰባት ዓመት በፊት፣ እኔ አገር አቀፍ ፈተና ለማረም አንድ ወር ሄጄ ከተመለስኩ በኋላ፣ መኪናዋ በመቶ ኪሎ ሜትር ሁለት ሊትር ያህል ነዳጅ ጨምራለች። ዘይቷም ግማሽ ሊትር ጨምሯል። ያን ጊዜ በራሴ እጅ "ከእርጅና የተነሳ" ብዬ ጽፌበታለሁ። በአንድ ወር ያረጀች መኪና።

ያን ወር ቁልፉ አንተ ዘንድ ነበር። በሚቀጥለው ወር ወደ ውጭ ሄድክ። አልከስህም፤ እጠይቅሃለሁ። መኪናዋን የነካት ሰው አለ? በአንድ ቃል መልስልኝ።

እስከዚያ እንነዳለን። ሌላ መንገድ የለንም።

አጎትህ


የካቲት 14 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

መልስህ ሳይመጣ ነው ይህን የምጽፍልህ። እንደምን አለህ። እኛ በሕይወት አለን።

ከትናንት በስቲያ ዓርብ፣ በ224,180 ላይ፣ ቺንጋው ተበጠሰ። የሄድነው ገና አርባ አንድ ኪሎ ሜትር ነበር። ትልቅ ድምፅ አልነበረውም። አንድ ጊዜ ቀጭ አለና ሞተሩ ዝም አለ። ዳር አስያዝኳት። ኮፋኖውን ልከፍት ስወርድ እናትህ ከኋላ፣ ከትራሷ ቀና ሳትል፣

"ወንድምዬ፣ አትልፋ። ቺንጋው ነው" አለችኝ።

"ቺንጋ መሆኑን በምን አወቅሽ?"

"ሰባት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው።"

ከዚያ ነገረችኝ። እኔ ፈተና ሳርም አንተ ሞተሩን አስወልቀህ መሸጥህን፣ ገንዘቡን ለመንገድህ ማድረግህን፣ በቦታው ያገኘኸውን ማስገጠምህን። "ከጓደኛ ተበድሬ ነው" ብለህ ስትሰናበተኝ እሷ በሩ ላይ ቆማ እንደነበር። ሁሉንም በእርጋታ፣ የገበያ ዝርዝር እንደምታነብ ሆና ነገረችኝ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ልጄን ከቤት ታወጣው ነበር።"

"ሰውዬው ሞተሩን እይ ሲለኝስ? ደከመኝ ያልሽው..."

"ደክሞኝም ነበር" አለች።

"በየሳምንቱ ሁለት ቀን በዚህች መኪና ተሳፍረሽ!"

"እኔማ ተሳፋሪ ነኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ደረሰ፤ አሁን ቀለለኝ።"

መሀረቤን አውጥቼ ብረቱን ጠረግኩት። መነጽሬን አደረግኩ። ቁጥሩን አንብቤ ከሊብሬው ጋር አስተያየሁት። አንዱም አኃዝ አይገጥምም። ሩብ ጉዳይ አንዴ ጎንበስ ብሎ ያነበበውን እኔ ለማንበብ ሦስት ወር ፈጀብኝ።

አሸዋ የጫነ መኪና ጎትቶ መለሰን። የዓርቡ እጥበት ቀረ። ከነገ ወዲያ ማክሰኞ በአውቶቡስ እንሞክራለን።

አጎትህ


የካቲት 18 ቀን

ጋሽዬ፣

የጥር 27 ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። በአንድ ቃል መልስ ብለውኛል። አዎ።

ስለ ዓርብ፣ ስለ ማክሰኞ ሳስብ እንቅልፍ የለኝም። ሞተሩን የሸጥኩት እኔ ነኝ። የተካሁት ከተገለበጠ መኪና የወጣ ነው፤ ስንት እንደሠራ ማንም አያውቅም። እርስዎ በ160,000 ተቀየረ ብለው የሚቆጥሩት ቺንጋ ከመጀመሪያው ሞተር ጋር ሄዷል። አሁን መኪናዋ ላይ ያለው ቺንጋ መቼ እንደገባ እኔም ሻጩም አናውቅም። እርስዎ ግን እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር ጽፈዋል። ደብዳቤዎ በመጣ ቁጥር ያንን ቁጥር እየዘለልኩ አነብ ነበር።

የማይገባውን ቺንጋ አውቄ ነው የላክሁት። መካኒኩ ዝም ብሎ ልኩን ፈልጎ ይገጥማል፣ እርስዎም ሳያውቁ ያልፋል ብዬ ነበር። ለእማዬ ሦስት እሁድ በተከታታይ "ንገሪው" ብያታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ "እኔ እነግረዋለሁ" አለችኝ። ሦስቱንም ጊዜ ደስ አለኝ፤ እኔ መናገር ስላልኖረብኝ።

ልኩን ዛሬ ገዝቼ ልኬያለሁ። መቶ አርባ አምስት ጥርስ ያለው ነው። እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፤ ይህ እስኪደርስ ማክሰኞም ዓርብም መኪናዋን አይንዷት። ወደዚያ ሩብ ጉዳይ ወደሚሉት ሰው ይውሰዷት፤ እሱ ያውቃታል።

እንዳሳደጉኝ አልሆንኩም።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 23 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናህ እንደምን ነው። ደብዳቤህ መጋቢት 8፣ ቺንጋው መጋቢት 19 ደረሱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ሆኖም ቆጠርኩት፤ መቶ አርባ አምስት ነው። በዚህ ጊዜ አልተሳሳትክም።

ለሩብ ጉዳይ ወሰድኩለት። መኪናዋ የቆመችው እዚያው እሱ ግቢ ውስጥ ነው። ቺንጋውን በሁለት እጁ ወጥሮ አየውና "ይኸው የእሷ" አለ። ግን ቫልቮቹ ሁሉ ታጥፈዋል፤ አንዱ ፒስተን ተበስቷል፤ እንዲህ ያለ ሞተር አፈላልጎ አላገኘም። ቺንጋውን ግድግዳው ላይ ምስማር መትቶ ሰቀለልኝ።

ዜሮ ሰጥቼው እንደነበር ነገርኩት። አሁን ወደ አሥር ማረሜንም ነገርኩት። መሬት መሬቱን አይቶ፣

"ጋሼ፣ ፈተና ላይ መሆኔን መች ነገሩኝ?" አለኝ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ፈትኜ ይህን የጠየቀኝ ተማሪ የለም።

አልተቀየምኩህም ብል እዋሽሃለሁ። የተቀየምኩት በሞተሩ አይደለም፤ ሞተር ዕቃ ነው። ጠይቀኸኝ ቢሆን መኪናዋን ከነጎማዋ ሸጬ እሰጥህ ነበር። በቤቴ አድገህ ይህን አለማወቅህ ነው የከበደኝ። ምናልባት እንድታውቀው አድርጌ አላስተማርኩህም ይሆናል። የዳቦውን ሚዛን ግን አስተምሬሃለሁ።

አሁን ስለ እናትህ። በአውቶቡስ አራት ሳምንት ተመላለስን። ሰው ቦታ ይለቅላታል፤ መንገዱ ግን አይለቅላትም። ሁለት ጊዜ በደረጃው ላይ ወድቃለች። መጋቢት 14 ማክሰኞ ስንመለስ ከበሩ ገብታ ጫማዋን አወለቀች፣ አንዱን በአንዱ ላይ አድርጋ ከአልጋው ስር ገፋችው፤ "ከእንግዲህ አልሄድም" አለችኝ። ለመንኳት፤ ተቆጣኋት፤ የሚያደርሰን ሌላ ባለ መኪና እፈልጋለሁ አልኳት። "ወንድምዬ፣ አንተ ስትፈልግ ሦስት ወር ነው የሚፈጅብህ" አለችና ሳቀች። ያን ያህል ስቃ አላየኋትም።

ጎረቤታችን ነርሷ እንድትደውልልህ ልጠይቃት ስል እናትህ ስልኩን ትራሷ ስር ከተተችው። "እኔ እነግረዋለሁ" አለች። ይህን ቃል እኔም አንተም እናውቀዋለን። ስለዚህ ነርሷ ከራሷ ስልክ እንድትደውል አደረግኩ፤ ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ። አላነሳህም። እሁድ ዕለት ግን ከእናትህ ጋር ተነጋግራችኋል። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የእኔ ጆሮ ነው እንጂ የእሷ ድምፅ አልደከመም፤ "ደህና ነኝ፣ መኪናዋም ተሠራች" ስትልህ ሰማኋት።

መኪናዋ አልተሠራችም።

የአንተን የካቲት 18 ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አንብቤላታለሁ። "እንዳሳደጉኝ አልሆንኩም" የሚለው ጋ ስደርስ ሁለቱንም ጊዜ "እሱን ዝለለው" አለችኝ።

ሐኪሙ እጥበት ያቆመ ሰው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን ነው የሚቆየው ብሎኛል። ዛሬ ዘጠነኛው ቀን ነው። ከዚህ እዚያ ደብዳቤ ሃያ ቀን ይፈጃል። ስሌቱን ሠርቼዋለሁ። ደብዳቤውን ግን ጻፍኩት።

አጎትህ